ዝቅ ብሎ የሚበረው ሔሊኮፕተርና የነጋዴው ድርሻ

ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ አንሥቶ እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ አገራችንን የወረረው የበረሃ አንበጣ በ25 ዓመት ውስጥ ከታየው ሁሉ የከፋ እንደ ነበረ ይታወሳል። በዚያ ጊዜ ሰብሉን ለማዳን በአይሮፕላንና በሔሊኮፕተር መድኃኒት ሲረጭ ሁላችን ደስ ብሎን ተመልክተናል። ነጂው በምን ዓይነት አደጋ ውስጥ እንደሚሠራ የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን።

ሔሊኮፕተር በሰብል ላይ መድኃኒት ሲረጭ ከአዝመራው ራስ በጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ይበራል። ከማሳው ዳር ሲደርስም ለመዞር ሽቅብ ይወጣል፤ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ሞተሩ በከፍታ ላይ ሳለ ቢጠፋ ነጂው ክንፉን ነፋስ እያዞረለት ቀስ ብሎ ለማረፍ ይችላል፤ ዝቅ ብሎ በዝግታ ሲዞር ቢጠፋበት ግን ለዚህ የሚበቃ ከፍታም ጊዜም የለውም። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚዘረጋውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በማሳው ዳርና በመንገዱ አጠገብ ነው። ምሰሶው ይታያል፤ ቀጭኑ ሽቦ ግን ከኋላው ካለው ኮረብታና ዛፍ ጋር ተመሳስሎ ከዓይን ይሰወራል።

አንባቢ «ነጂው ሽቦው ያለበትን አስቀድሞ ቢያውቅ ይበቃል» ይል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2010 ድረስ ሽቦ በመምታት ከደረሱት 180 አደጋዎች ውስጥ 100ዎቹ በእርሻ ሥራ ላይ የደረሱ ነበሩ። የዚያ አገር የትራንስፖርት ደኅንነት ቢሮ እንደ ገለጸውም ሽቦ ከመቱት ነጂዎች ከመቶ 63ቱ ሽቦው የት እንዳለ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ነፋሱን፣ የመድኃኒቱን መጠን፣ ነዳጁንና የቀረውን ማሳ ባንድነት የሚያስብ ሰው የሚያውቀውን ሽቦ ለአንድ አፍታ ይረሳል፤ ያችም አፍታ ትበቃለች።

እኔ በነጋዴ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ውል ጽፌአለሁ። በሥራ ውል ላይ የሥራው ስፋት፣ ዋጋውና የመጨረሻው ቀን በጥንቃቄ ይጻፋሉ፤ ለማየትና ለመመርመር የሚያስፈልገው ጊዜ ግን ከነጭራሹ አይነሣም። ሒሳቡ በተረጨው ሔክታር ብዛት ብቻ ሲሆን፣ ነጂው ቆም ብሎ ያየበት ሰዓት ሁሉ ከኪሱ የሚወጣ ኪሳራ ይሆንበታል። እንግዲህ የሚያቻኩለው ማን ነው? እህሉን ለመርከብ ቀን የምናጣድፍ እኛው አይደለንምን?

ተባይ ቀጠሮ እንደማይጠብቅ አይካድም፤ የዘገየ መድኃኒትም ጥቅሙ ይቀንሳል። ነገር ግን «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ሔሊኮፕተሩ ከወደቀ ሰብሉም አይተርፍ፣ የጠፋው ሕይወትም አይመለስ።

ስለዚህ የእርጭት ሥራ የምናሠራ ሁሉ ሦስት ቃል በውላችን ላይ እንድንጨምር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ሽቦውንና ምሰሶውን ሁሉ በንድፍ ላይ አስፍሮ ለነጂው እንዲሰጥ፤ አዲስ ሽቦ ሲዘረጋም ሳይውል ሳያድር እንዲያስታውቅ። ሁለተኛ፣ ነጂው እያንዳንዱን ማሳ ከመርጨቱ በፊት ከፍ ብሎ ዞሮ የሚያይበት ጊዜ ለብቻው እንዲከፈል። ሦስተኛ፣ ነጂው «ይህ ቦታ አያስኬድም» ሲል ቃሉ እንዲከበርና ስለዚህ ምክንያት ዋጋው እንዳይቀነስበት።

ወጪው ጥቂት ነው። የሰውን ሕይወት አስይዞ የተገኘ ትርፍ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ ትርፍ ተብሎ ሊጻፍ አይገባውም።