ዶት ኢቲ የማን ነው? አደራ ከአክሲዮን ጋር አይሸጥም

አዲስ አበባ ላይ ድርጅት የከፈተ ወጣት ድረ ገጽ ሲያሠራ ስሙን ብዙ ጊዜ የሚያስመዘግበው «ዶት ኮም» ላይ ነው። በየዓመቱ ዶላር ይከፍላል፤ ዶላር የሚከፍልበት ካርድ ከሌለው ውጭ አገር ያለ ዘመድ ያስቸግራል። የገዛ አገሩ ስም፣ «ዶት ኢቲ»፣ በብር የሚከፈልበት ሆኖ እያለ ማለት ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ይኼ ነው።

ዶት ኢቲ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ለኢትዮጵያ የተሰጠው በጥቅምት 1988 ዓ.ም. ነው፤ ሕዝቡ ኢንተርኔት ማግኘት ሳይጀምር በፊት። ሁለቱ ፊደላት የተወሰዱት ለእያንዳንዱ አገር ከተሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ ኮድ ነው። የዓለሙን የስም መዝገብ የሚይዘው «አያና» የዶት ኢቲ አስተዳዳሪ አድርጎ የመዘገበው ኢትዮ ቴሌኮምን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል በደንብ ይታይ፦ አስተዳዳሪ እንጂ ባለቤት አልተባለም። የዘርፉ መነሻ ደንብ ጆን ፖስቴል በመጋቢት 1994 እ.ኤ.አ. ያወጣው «አርኤፍሲ 1591» የተባለው ሰነድ ነው። በሰነዱ መሠረት የአገር ዶሜይን የያዘ አካል ባለአደራ ነው፤ አደራውም ለአገሩ ሕዝብና ለዓለም የኢንተርኔት ተጠቃሚ ነው። ስም የሚጠይቁትን ሁሉ በእኩል ዓይን ማየትም ግዴታው ነው።

አደራውን ለቴሌ መስጠት በጊዜው የሚያስወቅስ አልነበረም። መስመሩ ያለው እዚያው ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ገበያውን ለውድድር ከፈተ። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሥራ ጀመረ። እንግዲህ አንዱ ኦፕሬተር በአገሩ ስም ለመጠራት የሚመዘገበው ተፎካካሪው በያዘው መዝገብ ነው። ነገ ሦስተኛ ኦፕሬተር ቢመጣም ያው ነው። ዳኛውም ተጫዋቹም አንድ ነው። ዳኛው አላዳላም ቢባል እንኳ ጨዋታው በዳኛው ደግነት ላይ መንጠልጠል የለበትም።

በዚህ ላይ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን 10 በመቶ ለሕዝብ ሽያጭ ቀረበ። ኩባንያ አክሲዮን መሸጡ መብቱ ነው፤ ባለአክሲዮንም ትርፍ መጠየቁ ተገቢ ነው። የአገር ስም አደራ ግን የትርፍ ሒሳብ ውስጥ የሚገባ ዕቃ አይደለም።

«የአገር ደኅንነት ነው፤ ከመንግሥት እጅ መውጣት የለበትም» የሚሉ አሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ መልሱ ግን ጎረቤት አገር አለ። የኬንያን «ዶት ኬኢ» ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያስተዳድረው ኬኒክ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ስሙን ለደንበኛ የሚሸጡት ደግሞ ፈቃድ ያላቸው በርካታ መዝጋቢዎች ናቸው። ደቡብ አፍሪካም በዚያው ዓመት ባወጣችው ሕግ ለዶሜይኗ ራሱን የቻለ ባለሥልጣን አቋቁማለች። ሁለቱም አገሮች ደኅንነታቸውን አልጣሉም።

መፍትሔው ሥራውን ሦስት ቦታ መክፈል ነው። መዝገቡን ነፃ አካል ይያዝ፤ ቦርዱ ላይ መንግሥት፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የንግዱ ማኅበረሰብና ኦፕሬተሮቹ ይቀመጡ። ሽያጩ ፈቃድ ላገኙ የአገር ውስጥ መዝጋቢዎች ይከፈት፤ በዋጋና በፍጥነት ይወዳደሩ። ስም የሚሰጥበት፣ የሚከለከልበትና የሚሰረዝበት ደንብ በአማርኛም በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎችም ታትሞ ይውጣ፤ ስሙ የተሰረዘበት ሰው አቤት የሚልበት ቦታ ይኑረው። «ጎቭ ዶት ኢቲ» እንደተጠበቀ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብቻ ይቆይ። ኢትዮ ቴሌኮም ሰርቨሩን የማንቀሳቀስ አቅም አለው ከተባለ በውል ያንቀሳቅስ፤ ቁልፉን ግን ሌላ ይያዝ።

ይህ ዶላር አይጠይቅም። የሚጠይቀው የመንግሥትን ውሳኔ፣ የአገር ውስጥ ባለድርሻዎችን ስምምነትና ለአያና የሚቀርብ የአስተዳደር ለውጥ ጥያቄ ነው።

ባለአደራ የሚመሰገነው አደራውን አጥብቆ በመያዙ ብቻ አይደለም። ጊዜው ሲደርስ ለባለቤቱ ማስረከብም አለበት። የዶት ኢቲ ባለቤት ሕዝቡ ነው።