«እኛም በኖኪያ እባብ ተጫውተን ነው ያደግነው» ለምትሉ ወላጆች



ሰሞኑን አንድ ባልና ሚስት የ11 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ዓይኑን ያሻል፣ ራሱን ያመዋል፣ መምህሩም «ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል» ብለው ደብተሩ ላይ ጽፈውለታል። እናትየው መነጽር እንዲታዘዝለት ነው የፈለጉት።

ዓይኑን አየሁት፣ ደህና ነው። «ማታ ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» ስለው እናቱ ቀድመው «3 ሰዓት» አሉ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ቆይቶ ቀስ ብሎ «ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እስከ 6 ሰዓት እጫወታለሁ» አለኝ። ምን ትጫወታለህ? የእባብ ጌም። አባትየው ሳቅ አሉና «እባብ እንኳን ችግር የለውም ዶክተር፤ እኛም በኖኪያ ተጫውተን ነው ያደግነው» አሉ።

ይህን ንግግር ብዙ ወላጆች ይሉታል። በከፊል እውነት አለው። እባቧ አዲስ አይደለችም፤ የመጀመሪያዋ «ብሎኬድ» የተባለችው በሳንቲም የሚሰራ ማሽን ላይ የወጣችው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። በ1997 ደግሞ ታኔሊ አርማንቶ የተባለ የኖኪያ ባለሙያ ኖኪያ 6110 ላይ አስገባት፣ ከዚያ በየኪሳችን ገባች።

ግን የያኔዋና የዛሬዋ በስም ነው እንጂ በጠባይ አንድ አይደሉም። የያኔዋ እባብ በበላች ቁጥር ትረዝማለች፣ ቦታ ይጠባታል፣ ግድግዳ ወይም የራሷን ጭራ ነክታ ትሞታለች። ጌሙ ራሱ «በቃህ» ይላል። ስልኩም የአባታችን ነበር፤ ሲደወል እንመልሳለን።

በ2016 «ስሊዘር አይኦ» ከወጣ በኋላ የመጡትን ብዙዎቹን እዩ። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ተጋጣሚው በኢንተርኔት የገባ ሌላ ሰው ነው፣ የመሪዎች ሰንጠረዥ ፊት ለፊት ተለጥፏል። ከሞትክ በሰከንድ ውስጥ እንደገና ትጀምራለህ። አንዳንዶቹማ «ማስታወቂያ ተመልከትና ከሞትክበት ቀጥል» ይላሉ። እዚህ ጋ ማቆሚያውን የሚያበጀው ጌሙ ሳይሆን ልጁ ነው። የ11 ዓመት ልጅ ደግሞ ይህን ብቻውን እንዲችል መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። እኛ ትልልቆቹስ «አንድ ዙር ብቻ» ብለን ስንቴ አምሽተናል?

ጉዳቱን እንየው። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምናርገበግበው ከወትሮው ያነሰ ነው፤ ዓይን ይደርቃል፣ ያቃጥላል፣ ራስ ምታት ይከተላል። ትልቁ ጉዳት ግን እንቅልፍ ነው። ይህ ልጅ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳል፤ የሚተኛው 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በእሱ ዕድሜ የሚያስፈልገው በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት ነው። ሰነፍ አይደለም፣ እንቅልፍ አጥቶ ነው።

ታዲያ «ሱሰኛ ሆኗል» እንበል? አይቸኩሉ! የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን እንደ ሕመም መዝግቦታል፤ ግን መስፈርት አለው። መቆጣጠር ሲያቅት፣ ጌሙ ከሌላው ነገር ሁሉ ሲበልጥ፣ ጉዳት እያደረሰም ሲቀጥል፣ ኑሮን በደንብ ሲያናጋ፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል ሲታይ ነው። ልጅን ያለ ምርመራ ሱሰኛ ማለት ራሱ ይጎዳል።

የእኔ አስተያየት ይኸው ነው፦ እባቧን ከቤት አታባርሩ፣ ማቆሚያዋን መልሱላት።

1. ማታ ስልክ ሁሉ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ፣ የእናትና የአባትም ጭምር። ትልቁ መድኃኒት ይህ ነው።
2. ያለ ኢንተርኔት የሚሰራ፣ የድሮው ዓይነት እባብ ምረጡለት። ዳታውንም ዝጉት።
3. ገደቡን በዙር ቁጥር ተስማሙ። በኢንተርኔት የሚጫወቱት ጌም መሃል ላይ «ፖዝ» የለውም፤ ስልኩን ከእጁ ስትነጥቁት ጠብ ብቻ ነው የምታተርፉት።
4. በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ነገር ለ20 ሰከንድ ይመልከት።
5. ቀን ቀን ደጅ ይውጣ። ደጅ መዋል ልጆችን ወደፊት ሩቅ ማየት እንዳይቸግራቸው ያግዛል።

ይህን አድርጋችሁም ራስ ምታቱ ወይም የዓይኑ ችግር ካልቀነሰ፣ ሰሌዳ ማየት ከተቸገረ ደግሞ ሳትጠብቁ፣ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ለዚያ ልጅ መነጽር አላዘዝኩም። አባትየውን ግን ሲወጡ «የእርስዎ ስልክስ ማታ የት ነው የሚያድረው?» አልኳቸው። ሳቁ፣ ግን አልመለሱልኝም።

የእናንተስ? በኮሜንት ንገሩኝ፤ ለሚጠቅመው ሰውም ሼር አድርጉ። ጤናችሁ ይብዛ!