የገና ዱላ ከኒም ቅርንጫፍ

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ የብዙዎቻችን ሐሳብ ለገና ምን እንግዛ ወደሚለው ይሄዳል። እኛ ግን ዛሬ የምናወጋችሁ ስለማይገዛው ነው። ይኸውም እቤት ተቀምጦ ከእንጨት ስለሚሠራው የገና ዱላ፣ ስለ ሩሩና ቤት ስለሚያደምቁ ትንንሽ ጌጦች።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሳይጀመር በፊት ካርቱም ስናስተምር፣ ልጆቹን «እስቲ ገናን ሣሉ» ብለናቸው ነበር። በረዶ የወረደበት ዛፍ ሣሉ፤ ቀይ ልብስ የለበሰ ባለ ነጭ ጢም ሽማግሌ ሣሉ። በካርቱም ፀሐይ ያደገ ልጅ በረዶን የት አይቶት! ዱላና ሩር የሣለ ግን አንድም አላገኘንም። አይፈረድባቸውም፤ የሚያዩት ቴሌቪዥኑ የሚያሳያቸውን ነው። ገና የበዓሉ ብቻ ሳይሆን የጨዋታውም ስም መሆኑን የነገራቸው የለም። እረኞቹ የጌታን መወለድ ሲሰሙ ከደስታ ብዛት በያዙት በትር ተጫወቱ፣ ጨዋታውም ከዚያ መጣ ብለው አባቶቻችን ይተርካሉ። በዚያን ዕለት ጌታው በሎሌው ቢመታ እንኳ አይቆጣም ይባል ነበር። ታዲያ እኛ ካልነገርናቸው ልጆቻችን ይህን ከማን ይስሙ?

ካርቱም ላይ እንጨቱ አላስቸገረንም። ኒም በየመንገዱ ዳር ስላለ፣ ሲከረከም የወደቀውን እየለቀምን እንሠራ ነበር። ካምፕ ውስጥ ግን እንጨት ማለት እሳት ነው፣ እሳት ማለት ደግሞ እራት ነው። እናቶች ጭራሮ ፍለጋ የሚሄዱትን መንገድ፣ በዛፍ ምክንያት ከአካባቢው ሰው ጋር የሚመጣውን ጭቅጭቅ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ ለበዓል ተብሎ እርጥብ ዛፍ አይቆረጥም፤ ልጅም ለዚህ ብሎ ከካምፕ ውጭ አይላክም። ለማገዶ ከመጣው መካከል ጫፉ የጎበጠውን መርጦ ማስቀረት ይበቃል። ከአናጢ ደጅ ቁርጥራጭ መለመንም ነውር የለውም። ፍቅፋቂው ተመልሶ ምድጃ ይገባል፤ ምንም አይባክንም። ቀለም የተቀባ ወይም በኮላ የተጣበቀ ጣውላ ከሆነ ግን ፍቅፋቂውን እሳት ውስጥ እንዳትጨምሩት፣ ጭሱ ይጎዳል።

ለዱላው የሚሻለው በተፈጥሮው የጎበጠ ነው። ቅርንጫፉ ከሌላው ጋር የተጋጠመበትን ቦታ ፈልጉ፤ እዚያ ጋ ጉብጠቱም ይገኛል፣ እንጨቱም ጠንካራ ነው። ቁመቱ ልጁ ቀጥ ብሎ ሲቆም እስከ ወገቡ ቢደርስ ይበቃዋል። ልጡን ላጡት፤ ገና እርጥበት ካለው ረመጥ ላይ እያገላበጣችሁ አሙቁትና ጉብጠቱን አስተካክሉ፣ በገመድ አስራችሁም ጥላ ውስጥ አድርቁት። ፀሐይ ላይ የተጣለ እንጨት ይሰነጠቃል። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት፣ እሱ ከሌለ በሻካራ ድንጋይ አለስልሱት። በአገራችን የወይራ ዱላ ቅቤ ይቀባል፤ እዚህ ቅቤ ከየት ይመጣል፣ ጥቂት የሰሊጥ ዘይት ይበቃል።

ሩሩን (ጥንግ የሚሉትም አሉ) በሰፊ ሜዳ የሚጫወቱ ጎልማሶች ከእንጨት ይጠርቡታል። በመጠለያዎቹ መካከል ለሚጫወት ልጅ ግን የእንጨት ሩር አንሰጥም። ጥርስ ያወልቃል፣ የጎረቤት እንስራ ይሰብራል። አሮጌ ጨርቅ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፣ በክር ስፉት፣ አለቀ።

ወደ ጌጡ ስንመጣ ለኮከብ የሚቀለው ዐረቦቹ ጀሪድ የሚሉት የዘንባባ ዝንጣፊ ነው። በቀላሉ ይሰነጠቃል። እኩል አንድ ስንዝር የሆኑ ስድስት ዘንጎች ቁረጡ። በሦስቱ አንድ ሦስት ማዕዘን፣ በቀሪዎቹ ሦስት ሌላ ሥሩና አንዱን ገልብጣችሁ በሌላው ላይ አስቀምጡ፤ የሚገናኙበትን ቦታ በክር ማሰር ነው። ልጆች በዚያውም ሒሳብ ይማሩበታል፦ የሁለቱም ሦስት ማዕዘኖች እያንዳንዱ ማዕዘን 60 ዲግሪ ነው። ከስስ ጣውላ ደግሞ መስቀል፣ በግና እርግብ በቢላዋ ይወጣል። ማንጠልጠያውን ቀዳዳ በጋለ ሽቦ ይበሱታል፤ በዚያው ሽቦ ላዩ ላይ ሐረግ ቢሣልበት ቀለምም አያስፈልገው። የጋለውን ሽቦ የሚይዘው ግን አዋቂ ነው! ቀለም የሚወድ ከርከዴ አፍልቶ ቢነክረው ቀይ፣ እርድ ቢያሸው ቢጫ ይሆንለታል። ከርከዴው ውሎ አድሮ ይደበዝዛል፣ ለበዓሉ ግን ይደርሳል። ዛፍ አያስፈልግም፤ በበሩ ላይና በድንኳኑ ገመድ ላይ ማንጠልጠል ነው።

በዓሉ ታኅሣሥ 29 ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ወደ ታኅሣሥ 28 ይቀደማል፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ግን ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ላይ ይውላል። የሱዳን ኮፕቶችም በዚያው ቀን ያከብሩታል። ስለዚህ ዱላው እንዲደርቅ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ መጀመር ይበጃል።

ቢላዋ የሌላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ጥላ ኑ፤ ያለንን በጋራ እንጠቀማለን። አገር ቤት ገና የተጫወቱ አባቶችም ቢመጡልን ደስ ይለናል፤ ሕጉን ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቁታልና ዳኞች ይሆኑልናል። ሴቶች ልጆችም ዱላችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ሁለቱም ቡድን ውስጥ ቦታ አላችሁ።