የድሮ ጎራዴ አይፈተግም

የመጀመሪያውን ጎራዴዬን የገዛሁት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ የሟች ሽማግሌ የቤት ዕቃ ሲሸጥ ነው። የፈረሰኛ ጎራዴ ነው፤ ዝጎ ነበር። ማታውኑ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት፤ ሲነጋ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። የድሮ ጎራዴ ሲሰበስቡ ለሸመገሉ ሰው ባሳያቸው፣ ከእጀታው ሥር ያለውን የስለቱን ግርጌ በጣታቸው ዳሰሱና «ስሙን አጥፍተህበታል» አሉኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

የጎራዴው ስም ያለው እዚያ ግርጌ ላይ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ፈረሰኛ የታጠቀው የ1860 ሞዴል፣ በአንዱ ገጽ «ዩ.ኤስ.» የሚሉትን ፊደላት፣ የተሠራበትን ዓመትና የመርማሪውን ስም መነሻ ፊደላት፣ በሌላው ገጽ የሠሪውን ስም ይይዛል። ከሠሪዎቹ ታዋቂው ማሳቹሴትስ፣ ቺኮፒ ከተማ የነበረው የኤምስ ፋብሪካ ነው። እጀታውም ይመሰክራል፦ የ1860ው መሐሉ ላይ ወፈር ይላል፤ ቀዳሚው፣ «አንጓ ሰባሪ» የሚባለው ከባዱ የ1840 ሞዴል ግን ቀጥ ያለ ነው።

አንዳንድ ነጋዴዎች «ካላበራ ገዢ የለውም» ይላሉ። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ዝገቱ ሲፋቅ ፊደሉም አብሮ ይፋቃል፤ ፊደሉ ከሄደ ደግሞ ሻጩ ያሻውን ታሪክ ይለጥፍበታል። አንድ ጊዜ «ጌቲስበርግ የዋለ ጎራዴ ነው» ተብሎ ውድ ዋጋ ተጠራልኝ። አገላብጬ ባየው ግርጌው ላይ 1864 ይላል። በዚያው የእርስ በርስ ጦርነት የጌቲስበርግ ውጊያ የተካሄደው በጁላይ 1863 ነው። አራቱ አኃዞች ባይኖሩ ኖሮ ውሸቱን በገንዘቤ ገዝቼ፣ ለልጆቼ እንደ እውነት አወርሰው ነበር።

ስለዚህ ጎራዴ ስትገዙ ከሻጩ አፍ በፊት ግርጌውን አንብቡ። ቤት ስታስገቡትም ስለቱን በባዶ እጅ አትንኩት፤ የእጅ ላብ ብረት ያዝጋል። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ቀጭን የማሽን ዘይት አስነክታችሁ በስሱ አብሱት፤ ይበቃዋል። ዘመን ያለበሰው ጥቁረት እድፍ አይደለም፤ የዕድሜው ማስረጃ ነው።

ይህ ለአሜሪካ ጎራዴ ብቻ የሚሠራ ምክር አይደለም። ከአያት የወረሳችሁት ጎራዴ አፎቱ ውስጥ ተኝቶ ከሆነ አውጡትና ግርጌውን በብርሃን እዩት፤ የተቀረጸ ምልክት ካለ ፎቶ አንሱት፣ ማን እንደታጠቀውም ሽማግሌ ጠይቃችሁ ጻፉ። የብርጭቆ ወረቀት ግን አታስነኩት። የጠፋ ፊደል አይመለስም።