ከ«ነበር» እስከ «ፕሬዚደንት»፦ የመቀመጥ ቤተሰብ

በዚህ ሳምንት የምንነሣው ስለ መቀመጥ ለመጨዋወት ነው።

እዚህ አገር ተወልዳችሁ ካደጋችሁት ብዙዎቻችሁ ለአያት ወይም ለወላጅ ታስተረጕማላችሁ። ሐኪሙ የአያታችሁ ኑሮ «ሴደንተሪ» እንደሆነ ይናገራል፤ ሕመሙም «ኢንሲዲየስ» ነው ብሎ ይጨምራል። አያታችሁ ዞር ብለው «ምን አለ ልጄ?» ይላሉ። ቃላቱ በእንግሊዝኛም ቢሆን በየቀኑ የሚሰሙ አይደሉም፤ አማርኛቸውንማ ማን አስተምሯችሁ! ለከባድ የሕክምና ጉዳይ የሠለጠነ አስተርጓሚ መጠየቅ ይገባል። ነገር ግን አያት መጀመሪያ የሚጠይቁት የልጅ ልጃቸውን ነው። ስለዚህ ቃሉን ፈትቶ ማስረዳት መቻል ትልቅ ነገር ነው። ይህን ለማድረግ ረጅም የቃላት ዝርዝር መሸምደድ አያስፈልግም፤ የቃሉን ሥር መያዝ ይበቃል።

የላቲኑ ቤተሰብ

በላቲን «ሴዴሬ» ማለት መቀመጥ ነው። እንግሊዝኛ ከዚህ ሥር ብዙ ቃላት ወርሷል፤ አንዳንዶቹን በቀጥታ ከላቲን፣ አንዳንዶቹን በፈረንሳይኛ በኩል። ሥሩ አንዴ «ሴድ»፣ አንዴ «ሲድ»፣ አንዴ «ሴስ» እየሆነ ይመጣል። መልኩ ቢለዋወጥም ውስጡ ሁልጊዜ የተቀመጠ ሰው አለ።

«ሴደንተሪ» ቁጭ ብሎ የሚውል ማለት ነው። ለአያት ሲነገር፣ «ቁጭ ብለው ይውላሉ፤ ትንሽ መንቀሳቀስ ያስፈልግዎታል» ብንል ይበቃል። «ኢንሲዲየስ» ደግሞ ሮማውያን ደፈጣን ከሚጠሩበት ቃል የመጣ ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ፣ አንድ ቦታ ሸምቆ መቀመጥ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሕመም «አድብቶ የሚመጣ» ነው፤ ድመት አይጥን እንደምታደባ፣ ድምፁን አጥፍቶ ጊዜውን የሚጠብቅ። አያታችሁ ከዚህ በኋላ ሌላ ማብራሪያ አይፈልጉም።

ቤተሰቡ ገና ብዙ ነው። ጀበናው ከእሳት ሲወርድ፣ አተላው ከታች እስኪቀመጥ ድረስ ትንሽ እንታገሣለን። ያ ከታች የሚቀመጠው ነገር በእንግሊዝኛ «ሴዲመንት» ይባላል። ከሥራው አጠገብ ተቀምጦ የማይነሣ ትጉህ ሰው «አሲድዩስ» ነው። ከሌሎች ተለይቶ፣ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ተቃዋሚ «ዲሲደንት» ነው። «ኦብሴስ» መጀመሪያ ለጦርነት የሚነገር ቃል ነበር፤ ከተማን ከብቦ መቀመጥ ማለት ነው። ዛሬ የሚከበበው አእምሮ ነው፤ አንድ ሐሳብ ዙሪያውን ተቀምጦ አላስወጣ ሲለው።

ከስፕሪንግ ጎዳና እስከ ፍሊንደርስ

ሜልቦርን ከተማ መሃል በእግር የሚዞር ሰው ይህን ቤተሰብ በየመንገዱ ያገኘዋል። ከስፕሪንግ ጎዳና እንጀምር። እዚያ ያለው የቪክቶሪያ ፓርላማ ሕንፃ ከ1901 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. የመላ አውስትራሊያ ፓርላማ የተቀመጠበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ካንቤራ ሄደ። ምክር ቤቱ የሚሰበሰብበት ጊዜ «ሴሽን» ይባላል፤ ትርጉሙ መቀመጥ ነው። የስብሰባው ቀን ደግሞ «ሲቲንግ ደይ» ነው። ይህ «ሲት» የሚለው ቃል ከላቲን የተወሰደ አይደለም፤ ነገር ግን እንግሊዝኛና ላቲን የጥንት ዘመዳሞች ስለሆኑ፣ «ሲት» እና «ሴዴሬ» የአጎት ልጆች ናቸው።

በዚያው ሕንፃ የላይኛውን ምክር ቤት የሚመራው ሰው «ፕሬዚደንት» ይባላል። ቃሉ ሲፈታ «ከፊት የሚቀመጥ» ነው። «ፕሬ» ፊትን ያመለክታል፤ የቀረው የታወቀው ሥራችን ነው።

ከዚያ ወደ ታች ወርደን፣ ስዋንስተንና ፍሊንደርስ ጎዳናዎች ወደሚገናኙበት ማዕዘን እንሂድ። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ቆሟል። «ካቴድራል» ከግሪክ «ካቴድራ» የመጣ ነው፤ ወንበር ማለት ነው። ካቴድራል የሚባለው ቤተ ክርስቲያን የጳጳሱ ወንበር ያለበት ነው። ጳጳሱ የሚመራው አገረ ስብከትም በእንግሊዝኛ «ሲ» ይባላል፤ ይህም ከላቲኑ «ሴዴስ»፣ ከመቀመጫ፣ የመጣ ነው። ማየት ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ፊደሉ አንድ ቢሆንም በትውልድ አይገናኙም።

የእኛው ቤተሰብ

አሁን ወደ አማርኛ እንሻገር። በግእዝ «ነበረ» ማለት ተቀመጠ ማለት ነው። ቆየ፣ ኖረ የሚል ትርጉምም አለው። አማርኛ ይህን ቃል ወርሶ ያለፈ ጊዜ መናገሪያ አደረገው፤ «ትናንት ቤት ነበርኩ»፣ «ሄጄ ነበር» እንላለን። አማርኛ የሚማር ልጅ ቀድሞ ከሚያውቃቸው ቃላት አንዱ ነው። ስለዚህ «ነበርኩ» ባላችሁ ቁጥር፣ ከሥሩ ስትቆፍሩት «ተቀምጬ» እያላችሁ ነው።

ላቲን ከፊትና ከኋላ እየጨመረ ቃል ይወልዳል። ግእዝና አማርኛም ከፊትና ከኋላ ይጨምራሉ፤ ዋናው ዘዴያቸው ግን ሦስት ፊደላትን ይዞ ድምፃቸውን መለዋወጥ ነው። የእኛዎቹ ሦስት ፊደላት ነ፣ በ እና ረ ናቸው። ከፊታቸው «መ» ስንጨምር «መንበር» ይሆናል፤ የመቀመጫ ቦታ፣ ዙፋን። ይህ «መ» ቦታን ወይም መሣሪያን ያመለክታል። ስለዚህ በ«መ» የሚጀምር እንግዳ ቃል ስታገኙ፣ «መ»ን አንሡና የቀሩትን ፊደላት ተመልከቱ። «መንበር» በአማርኛ አፍ «ወንበር» ሆነ። ምግብ ስትበሉ የምትቀመጡበት ወንበርና የቤተ ክርስቲያኑ መንበር አንድ ቃል ናቸው።

ሌላም ለውጥ አለ። የግእዝ «በ» አንዳንድ ጊዜ በአማርኛ ይለሰልሳል፤ ግእዝ «ሰብእ» የሚለውን አማርኛ «ሰው» እንደሚለው ማለት ነው። «ነበረ»ም በዚሁ መንገድ «ኖረ» ሆነ። ከእርሱ «ኑሮ»፣ «ነዋሪ» እና «መኖሪያ» ተወለዱ።

ሁለቱ ቤተሰቦች ጎን ለጎን

ላቲንና ግእዝ ዘመዳሞች አይደሉም። ሆኖም ከመቀመጥ ተነሥተው የሄዱበትን መንገድ ተመልከቱ።

«ፕሬዚደንት» ከፊት የሚቀመጥ ነው ብለናል። በእኛ ደግሞ ስብሰባ የሚመራው «ሊቀ መንበር» ነው፤ የመንበሩ አለቃ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ የደርግ ሊቀ መንበር ነበሩ፤ በኋላም ፕሬዚደንት ተባሉ። ሰውየው ያው ናቸው፣ የማዕረጉም ትርጉም በሥሩ ያው መቀመጫ ነው፤ የተለወጠው ቃሉ የመጣበት ቋንቋ ነው።

«ሬዚደንት» ቀርቶ የተቀመጠ ማለት ነው፤ «ነዋሪ»ም ከተቀመጠው ከ«ነበረ» መጣ። ብዙዎቹ ወላጆቻችሁ ለዓመታት የጠበቁት «ፐርማነንት ሬዚደንት» የሚለው ወረቀት በአማርኛ «ቋሚ ነዋሪ» ነው። ከረጅም ጉዞ በኋላ በመጨረሻ ቁጭ ማለት የተፈቀደለት ሰው ማለት ነው።

«ፖዘስ» የእኔ ብሎ መያዝ ነው፤ ላቲኑ ሲፈታ እንደ ጌታ መቀመጥ ይሆናል። በእኛ በኩል የአንድ ሰው ሀብት «ንብረት» ይባላል። ነ፣ በ፣ ረ፤ ያው መቀመጥ።

ተማሪዎች የምትፈሩት «አሰስመንት» የመጣው ከዳኛ አጠገብ ተቀምጦ ከሚረዳ ሰው ነው። በእኛም አገር በዘመነ ነገሥት በችሎት የሚቀመጡት ዳኞች ራሳቸው «ወንበር» ይባሉ ነበር። ቢበዙ «ወንበሮች» ናቸው። በታሪክ መጽሐፍ «ወንበሮቹ ፈረዱ» የሚል ብታገኙ የቤት ዕቃ እንዳይመስላችሁ።

«ነበር» ራሱም ጓደኛ አለው። የስፓኝ ቋንቋ «መሆን» ለማለት «ሴር» ይላል። ይህ ቃል ከሁለት የላቲን ግሦች የተደባለቀ ነው፤ አንደኛው «ሴዴሬ» ነው። አማርኛም ስፓኝኛም፣ ሳይተዋወቁ፣ ተቀመጠን ወስደው የመኖርና የመሆን ቃል አደረጉት።

ይህ የሆነው በምክንያት ነው። የተቀመጠ ሰው ይቆያል፤ የቆየ ሰው ይኖራል፤ የኖረበትን ነገር የእኔ ይላል፤ ከፊት የተቀመጠም ይመራል። የሰው አካል በየትም አገር አንድ ስለሆነ ሐሳቡም ተመሳሳይ መንገድ ያገኛል። ዛሬም ቢሆን ትልልቅ ሰዎች «የት ነው የምትቀመጡት?» ብለው ሲጠይቋችሁ ወንበር እየፈለጉላችሁ አይደለም፤ ሰፈራችሁን ነው የሚጠይቁት።

በእኔ ሙያ፣ በሶፍትዌር ሥራ፣ የምወደው አንድ ቃል አለ። ስልካችሁን በአማርኛ ስታደርጉት «ነባሪ» የሚል ቃል ታገኛላችሁ። እንግሊዝኛው «ዲፎልት» የሚለው ነው፤ ማንም ካልነካው ባለበት የሚቆየው ምርጫ። «ዲፎልት» የመጣው መጕደልንና ማታለልን ከሚያመለክት የላቲን ቃል ነው፤ «ፎልት» እና «ፌይል» ወንድሞቹ ናቸው። የአማርኛው «ነባሪ» ግን በቦታው የተቀመጠ ማለት ነው። ለእኔ የእኛው ይበልጥ ይገልጸዋል። ካልቀየሩት በቀር ከቦታው አይነሣም፤ ጥፋትም አላጠፋም።

መልክ የሚያሳስት

ሥር ፍለጋ ያስደስታል፤ ግን የሚመሳሰል ሁሉ ዘመድ አይደለም። «ነብር» እና «ነበር» በአጻጻፍ መንታ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ ነብር በግእዝ «ነምር» ነው፤ ሥሩ በ«መ» ነው። ስለዚህ ነብሩ ከወንበሩ ጋር ዝምድና የለውም። «ማኅበር»ም ለ«መንበር» ወንድም ይመስላል፤ እርሱ ግን የ«ኅብረት» ወገን ነው፤ መሰብሰብ፣ አንድ መሆን።

በእንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። ዐመፅ ማነሣሣት «ሴዲሽን» ይባላል፤ «ሴድ» ብሎ ቢጀምርም መቀመጥ የለበትም። የተሠራው ተለይቶ መሄድ ከሚለው ነው። እንዲያውም ተቃራኒው ነው፤ ተነሥቶ የሄደ ነው። ስለዚህ ሥር አገኘሁ ከማለት በፊት መዝገበ ቃላት መክፈት ያስፈልጋል።

ሦስት ትውልድ የጻፈው መጽሐፍ

በግእዝ መዝገበ ቃላት «መንበር»ን የሚፈልግ ሰው በ«መ» ላይ ሳይሆን በ«ነ»፣ በ«ነበረ» ሥር ያገኘዋል። ልጆቹ ሁሉ በአባታቸው ቤት ይፈለጋሉ። ከእነዚህ መጻሕፍት ታላቁ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት ነው። ሥራውን የጀመሩት መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ። ኪዳነ ወልድ ከመምህራቸው ተቀብለው ዕድሜ ልካቸውን ሠሩበት፤ ነገር ግን ታትሞ ሳያዩት ዐረፉ። አደራውን የተረከቡት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ለኅትመት አበቁት። ከዚያም የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። መምህሩና ተማሪው ኪዳነ ወልድ አብረው የደከሙበት ጊዜ ደግሞ ከአገር ውጭ፣ በኢየሩሳሌም ነበር።

ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። ብዙ ወጣቶች የእነርሱ አማርኛ የወጥ ቤትና የሳሎን አማርኛ እንደሆነ፣ ከባዱ አማርኛ ደግሞ አገር ቤት ላደገ ሰው የተተወ እንደሆነ ያስባሉ። «ንብረት»፣ «ሊቀ መንበር»፣ «ነባር»፣ «ነባራዊ» የሚሉት ቃላት የተቆለፈ በር ይመስሏቸዋል። ቁልፉ ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የሰሙት «ነበር» ነው። ከአገር ርቆ መኖርም ሥር ከመቆፈር አያግድም፤ ትልቁ መዝገበ ቃላታችን ራሱ የስደት ድካም አለበት።

ለሚቀጥለው ሳምንት

ወረቀት አዘጋጁ። በአንድ በኩል «ማኑስክሪፕት»፣ «ፕሪስክራይብ» እና «ኮንስክሪፕት» የሚሉትን ጻፉና የላቲን ሥራቸውን ፈልጉ። በሌላው በኩል «መጽሐፍ»፣ «ጸሐፊ»፣ «ጽሑፍ» እና «ጽሕፈት ቤት» የሚሉትን ጻፉና ሦስቱን ፈደላት አውጡ። ከዚያ «ማኑስክሪፕት» በአማርኛ ምን እንደሚባል አያታችሁን ወይም ወላጆቻችሁን ጠይቁ። መልሳቸውን ስትሰሙ ሁለቱ ቋንቋዎች እንደገና በአንድ መንገድ ሲሄዱ ታገኟቸዋላችሁ።

እስከዚያው ደኅና ተቀመጡ።