ከአንደኛ ክፍል በፊት ስንት ዓመት?



በፈረንሳይ ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ 3 ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ የመማር ግዴታ አለበት፤ አንደኛ ክፍል እስኪደርስ 3 ዓመት በመዋዕለ ሕፃናት ይቆያል። በፊንላንድ ግን አንደኛ ክፍል የሚጀመረው በ7 ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ግዴታው የ1 ዓመት ዝግጅት ብቻ ነው፤ እሱም በአብዛኛው በጨዋታ።

የእኛ ልዩነት ግን እዚሁ አገር ውስጥ ነው። የከተማው ልጅ ብዙ ጊዜ ከነርሰሪ እስከ ዩኬጂ 3 ዓመት ሲማር፣ የገጠሩ እኩያው ቢቀናው 1 ዓመት ዜሮ ክፍል ይገባል፤ እሱንም የማያገኘው ብዙ ነው። አንደኛ ክፍል ሲገቡ ፊደል የለየውና ያልለየው አንድ መጽሐፍ ይሰጣቸዋል። ይህ ፍትሕ አይደለም።

በዚህ እትም የዓመቱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ልጆቹ በዚያ ጊዜ ምን እንደሚያደርጉ እንመለከታለን። መምህራንና ወላጆች፣ በአካባቢያችሁ ያያችሁትን ጻፉልን።