«ወርቃማው ዘመን» የማን ነበር?

ስለ ሀገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ በሚጻፉ ጽሑፎችና በሚካሄዱ ውይይቶች ሁሉ አንድ አባባል እንደ ዘወትር ጸሎት ሲደገም ይሰማል። አባባሉም፦ ስልሳዎቹ ወርቃማ ነበሩ፤ ቀጥሎ የመጣው የሰዓት እላፊና የኪነት ቡድን ጨለማ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የኪቦርድ ጩኸት፣ የዛሬው ደግሞ የስልክ ጫጫታ ነው የሚል ነው። ባህልን በየዐሥር ዓመቱ እንደ እህል በአቁማዳ እየሰፈሩ አንዱን ምርት፣ ሌላውን እንክርዳድ ብሎ መሰየም ቀላል ነው። ቀላልነቱ ግን እውነትነቱን አያረጋግጥም። አባባሉ ከመሠረቱ የተሳሳተ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በወሎ ገበሬ ላይ ፍርደ ገምድል ነው።

በመጀመሪያ፣ ቆጠራው ራሱ የማን ነው? በእኛ አቆጣጠር ስልሳዎቹ ከ1960 እስከ 1969 ዓ.ም. ያሉት ናቸው፤ የ1966ቱ አብዮት ዐሥሩን ዓመት ከመካከሉ ሰንጥቆታል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያሰናዳው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ ሲዲ ግን በመጀመሪያው ቅጹ «ወርቃማ ዓመታት» ያላቸው እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ያሉትን ነው። እነዚህ ዓመታት ከምን ተቀዱ? እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተም ሥልጣን ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ መሆኑን እያወቀ፣ ደፍሮ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ በ1975 ከሀገር ወጣ። ደፋርነቱ ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን የአንድ ማሳተሚያ ቤት ዕድሜ የአንድ ሕዝብ ዘመን ሊሆን አይችልም።

ከዐሥር ዓመት ወደ ዐሥር ዓመት በእርግጥ የሚለወጠው የሕዝቡ የዜማ ስሜት ሳይሆን ዕቃውና ከፋዩ ነው። የሸክላ አንድ ገጽ የጥቂት ደቂቃዎችን ዜማ ብቻ ስለሚይዝ ዘፈኑ በዚያው ልክ ተቆረጠ፤ ካሴት ሲመጣ ሁለቱን ገጽ የሚሞላ የዘፈን ክምር ተፈለገ፤ ስልክ ሲመጣ የጥቂት ሰከንድ ቁራጭ ብቻ ቀረ። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ያን ሁሉ የትንፋሽ መሣሪያ ሊያሰልፉ የቻሉት የተጫዋቾቹን ደመወዝ መንግሥት ይከፍል ስለነበረ ነው። ሰዓት እላፊው የምሽቱን ገበያ ሲያጠብ፣ ኋላም አንድ ኪቦርድ የብዙ ሰው ሥራ ሲሠራ፣ ትንፋሹ ከመድረክ ወረደ። ይህ የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ የነፍስ ውድቀት ብለው የሚያለቅሱለት ወገኖች የደመወዝ መዝገቡን ቢመረምሩ ይሻል ነበር።

ለመሆኑ በዚያ ወርቃማ በተባለው ዘመን ወሎ እንዴት ነበር? በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ ረሃቡን የቀረጸበት ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ምድር ስሞች ናቸው። ከተማው በነዚህ ቅኝቶች ሲጨፍር ባለቅኝቱ እህል አጥቶ በየመንገዱ ይወድቅ ነበር። ይህን ስንል ከያንያኑን ለመክሰስ አይደለም፤ ወርቅ የሚለውን ቃል ከአፋቸው ለማያወርዱት ሚዛኑን ለማሳየት ነው።

የዓለሙም ሰፈራ ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የወጣው ምስል የእንግሊዝና የአሜሪካ ዘፋኞችን በአንድ መድረክ አሰባሰበ፤ «ላይቭ ኤይድ» እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1985 ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ተካሄደ። የተሰበሰበው ገንዘብ ነፍስ አድኖ ይሆናል፤ ምስጋናውን አንነፍግም። ይሁን እንጂ የእንግሊዞቹ የ«ባንድ ኤይድ» ዘፈን ርዕስ፣ የተራቡት ሰዎች ገና መሆኑን ያውቁ እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። ገናን ከእነ ጨዋታው ለብዙ መቶ ዓመታት ያከበረ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን በዓሉን እየተጠራሩ የሚውሉበት ምድር እንዲህ ተጠየቀ! የዓለም ሕዝባዊ ባህል ያን ዐሥር ዓመት ሲያስታውስ ወሎን ያስታውሳል፤ የሚያስታውሰው ግን አፉን ለእህል የከፈተውን እንጂ ለዜማ የከፈተውን ወሎ አይደለም።

የኪነት ቡድኖችን ዘመን በጅምላ የሚያወግዙትም ይመልሱልን። ውዳሴ በትእዛዝ ይጻፍ እንደነበር፣ ሳንሱርም ብዙ ቃል እንደበላ አይካድም። ዳሩ ግን የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ማሪቱ ለገሠን የመሰለች ድምፅ ለሀገር አሰምቷል። አምባሰል ከምድሩ ሰው አንደበት በብሔራዊ መድረክ ላይ የተሰማው በዚያው «ጨለማ» በተባለ ዘመን ነው። ስለዚህ አንድ ዘመን ሁለት ፊት አለው፤ በአንድ ቅጽል አይታሰርም።

አንዳንድ ወገኖች «ታዲያ የጥበብ ብልጫና ማነስ የለም ልትሉ ነው ወይ?» ይሉ ይሆናል። አለ እንጂ! የሙላቱ አስታጥቄና የግርማ በየነ ቅንብር በማናቸውም ዘመን ቢመዘን ሚዛን ይደፋል። ነገር ግን ብልጫ የሚለካው በሥራው እንጂ በተወለደበት ዐሥር ዓመት አይደለም። ከመካነ ሰላም እስከ አጅባር፣ በቦረናና በሳይንት ደጋ፣ የሰርጉ ዘፈን፣ የደቦው ሆታ፣ የሐዘኑ ሙሾና የመንዙማው ዜማ ሸክላ ስለ መጣ አልጀመሩም፤ ካሴት ስለ ጠፋም አላበቁም።

የዛሬው አደጋ ሌላ ነው። በካሴት ሽፋን ላይ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚል ጽሕፈት እናነብ ነበር። ቃሉ ሲያዩት የተከበረ ይመስላል። በሥራ ግን ትርጉሙ ባለቤት የሌለው፣ የሚከፈለው የሌለው ማለት ነበር። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ስሙ ለታወቀ ደራሲ ጥበቃ ሰጥቷል፤ ሙሾ አውራጇ እናት ግን ስሟን ማን መዘገበላት? አሁን ደግሞ በእጁ ስልክ ያለው ሁሉ ያንኑ ዜማ ቆርጦ ለዓለም ይለቀዋል። ስልኩ ራሱ ጠላት አይደለም፤ የሳይንት ወጣት የአዲስ አበባን ሙዚቃ ቤት ደጅ ሳይጠና ሊሰማ የቻለው በእርሱ ነው። ጠላቱ ስም አልባነት ነው።

ስለዚህ የባህል ሠራተኛው፣ መምህሩና ከያኒው ስለ ወርቃማ ዘመን የሚያፈሱትን ቀለም ወደ መዝገብ ይመልሱት። መምህሩ ተማሪውን ወደ አያቱ ይላክ፤ የዘፈኑን ቃል ከእነ ስሟ፣ ከእነ ቀበሌዋ፣ ከእነ ዓመተ ምሕረቱ ጽፎ ይምጣ። የባህል ጽሕፈት ቤቱ ለበዓል ጭፈራ የሚያወጣውን ያህል ለመቅረጫና ለባለዜማዋ ክፍያ ይመድብ። ከያኒውም ከሕዝብ የወሰደውን ሲያቀርብ ከማን እንደ ወሰደ ይናገር። ይህ ሲሆን ዐሥርት ዓመታት ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ ባለዜማዋ ግን ከነስሟ ትኖራለች።